ውሃ የሚቋጥረው ድንጋይ

የሶዶ ሰው አባቴን «እግረ ቀላል» ይለው ነበር። ክረምቱ አለፍ ሲል፣ ችሎት በማይኖርበት ቀን፣ በቅሎ ጭኖ እናቴንና እኔን አስከትሎ አንድ ቦታ ሊያይ ይወጣል። ጣልያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት በነዚያ ዓመታት ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ ወይም ለክስ ነበር። ውሃ ከገደል ሲወርድ አያለሁ ብሎ ስንቅ የሚያስቋጥር ሰው ጤነኛ አይመስልም። ጎረቤቶቻችን «ዛሬ ደግሞ ምን ሊታይ ነው?» እያሉ ከአጥራቸው ላይ ይስቁብን ነበር። እናቴም ስንቁን እየቋጠረች ታጉረመርማለች፤ ግን አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

አባቴ በአገረ ገዥው ግቢ አስተርጓሚ ነበር። ወላይታኛ ብቻ የሚያውቅ ባላገር አማርኛ ብቻ በሚያውቅ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ በመካከላቸው የሚቆመው እሱ ነው። ሥራውን እንደ ክህነት ያከብረው ነበር። «አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም» ይላል። ባላገሩ ዳኛውን ከተሳደበ ዳኛው ስድቡን ልቅም አድርጎ ከአባቴ አፍ ይሰማል፤ ዳኛው ባላገሩን ካዋረደም ውርደቱ ሳይለዝብ ይደርሰዋል። ይህ ነገር ቤት ድረስ ይከተለን ነበር። እናቴ «አባትሽን ምሳ ደርሷል፣ ይምጣ በይው» ብላ ስትልከኝ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «ና ብላ ተብለሃል» ካልኩት፣ «እናትሽ እንደዚህ ነው ያለችው?» ብሎ ይመልሰኛል። ምሳው ይቀዘቅዛል እንጂ ቃሏ ካልተስተካከለ አይነሣም።

የወላይታ ልጅ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አያውቅም። የሸዋ ጦር ወላይታን በወጋ ጊዜ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ነበር። ያኔ ብዙ ልጅ ተወሰደ። አንዳንዱ ተሸጠ፣ አንዳንዱ አሽከር ሆነ፣ አንዳንዱም የደረሰበት ሳይታወቅ ቀረ። አባቴን ያገኘው ከመንዝ የመጣ አንድ ወጣት ወታደር ኮርቻው ላይ አስቀምጦ ወሰደው፤ አስጠመቀው፣ ፊደል አስቆጠረው፣ ልጄ ብሎ አሳደገው። እኚያ ሰው በኋላ የባሻነት ማዕርግ አገኙ፤ ከተማውም እኛም ባሻ እንላቸው ነበር። ከአባቴ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ለእኔም አያቴ ማለት እሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ነው ያደግሁት። እንዲያውም ከእናቴ ቁጣ የማመልጠው የእሳቸው ጋቢ ውስጥ ገብቼ ነበር።

አባቴ ልጅ ሆኖ «የት አገኙኝ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ወንዝ ዳር ስታለቅስ» ይሉታል። «የቱ ወንዝ?» ሲላቸው፣ «የአገሩን ወንዝ ስም እኔ ምኑን አውቄ!» ይላሉ። ከዚህ የዘለለ ነገር ከባሻ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

አባቴ ግን አንድ ነገር ያስታውስ ነበር። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መካከሉ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ፣ የዝናብ ውሃ የቋጠረ። ከጎድጓዳው አፍ ላይ ነጭ መስመር እንደ ጠባሳ ያቋርጠዋል። ሁለት እጆች በብብቱ ገብተው ከፍ ያደርጉትና ወደ ውሃው ያጎነብሱታል፤ እሱም ይጠጣል። የእጆቹ ባለቤት ፊት የለውም። አባቴ ከነበረው ቤት፣ ከነበረው ዘር፣ ከነበረው ስም ሁሉ የተረፈው ይኸው ነበር።

ይህን የነገረኝ አጆራ ፏፏቴ ሥር ነው። አጆራ ለደርሶ መልስ ይርቃል፣ ሰው ቤት አድረን ነበር የሄድነው። ሁለቱ ወንዞች ጎን ለጎን ከገደሉ ሲወረወሩ እኔና እናቴ አንገታችን እስኪቆለመም ሽቅብ እናያለን። አባቴ ቁልቁል ያያል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ርጭቱ ልብሱን እያበሰበሰው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሸጋገረ ጎንበስ ቀና ይላል። «አባዬ፣ ፏፏቴው እዚያ ነው እኮ!» አልኩት። ሳቀና አጠገቡ አስቀምጦኝ ነገረኝ። ያን ጊዜ ሽርሽራችን ሁሉ ገባኝ። ቢላቴ ወንዝ ዳር ፍል ውሃ ስንታጠብ፣ እሱ ግን ልብሱን ሳያወልቅ ዳር ዳሩን ሲዞር የዋለው ለዚህ ነው። አባያ ሐይቅ ወርደን ጉማሬ ስናይ እሱ ጀርባውን ለጉማሬው የሰጠው ለዚህ ነው። ዳሞታ ተራራ ወጥተን ገዳሙን ከተሳለምን በኋላ የድሮ ሰዎች ተጠልለውበታል የሚባለውን ዋሻ ልናይ ስንሄድ እንኳ፣ ከዋሻው ይልቅ አጠገቡ የሚንጠባጠበውን ምንጭ ነበር የሚመረምረው። ባሻ ወንዝ ስላሉት፣ ውሃ ካለበት ሁሉ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ እኔም ፈላጊ ሆንኩ። ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር «ይሄ ነው?» እላለሁ። ዞር ብሎ በደንብ ሳያይ «አይደለም» ብሎኝ አያውቅም። እናቴ «ከወላይታ ወንዝ የቀራችሁ የለም፣ ወደ ሲዳማ እንሻገር እንግዲህ» እያለች ታሾፍብን ነበር።

እንዲህ ስንል እኔ ለአቅመ ሔዋን ደረስኩ።

አንድ ልጅ ነበር፤ የመጣው ከተበላ ገበያ በላይ ካለ መንደር ነው። አባቱ ጥጥና ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ እቃውን እያመጣ ለቤታችን ጎረቤት ለነበሩት የስልጤ ባለሱቅ ያስረክባል። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል፤ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ግን እናቴ በር ላይ በቆመች ቁጥር አማርኛ እንደማያውቅ ሆኖ በወላይታኛ ሰላምታ ያቀርብላታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እናቴ ወላይታኛ ስለማትሰማ እኔ መጥቼ እንድተረጉም ነው። «እናትሽን ደህና አደሩ በያት» ይላል፤ አስከትሎም በዚያው ድምፅ «አንቺስ ትላንት ቤተ ክርስቲያን ለምን ቀረሽ? አንቺን ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ» ይላል። እኔም ወደ እናቴ ዞሬ «ደህና አደሩ ይላል» እላለሁ። የአባቴን ሕግ የጣስኩት ያኔ ነው፣ እየደጋገምኩም ጣስኩት።

ወደድኩት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የምታገባውን አስቀድማ መውደዷ እንደ ስርቆት ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት። አረማመዱን፣ ሲስቅ ቅንድቡን የሚያነሣውን፣ ከባለሱቁ ጋር ሲከራከር ድምፁን የማይጨምረውን። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ቤት ወንዶች ብቻ ነን፣ እህት የለንም። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ ደጅ ላይ ቅቤ የምትቀባት የሙሽራው እህት ናት። አንቺን ማን ይቀባሻል?» «ራሴ እቀባለሁ» አልኩት። ሽማግሌ የላከው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የጠየቁት እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ ጎሳ ነው። በወላይታ ወንድና ሴት የአንድ ጎሳ ልጆች ከሆኑ አይጋቡም። አይሆንም ከተባለ አይሆንም ነው፣ ጥሎሽ አይፈታውም፣ እርቅ አይፈታውም። አባቴ «ጎሳዬን አላውቅም» አላቸው። ይህን ሲል ዓይኑን ምንጣፉ ላይ እንደተከለ አስታውሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ውጪ ወጥተው ተመካከሩ፣ ተመለሱና «ጎሳ የሌለው ሰው ከማንም ጎሳ ጋር አይጋጭም» አሉ። ባሻም ከመደቡ ላይ ሆነው «በእኔ ይቆጠር! ልጄ ነው፣ ክርስትናው ሌላውን አጥቦታል» አሉ። የመንዝ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላቸው። ሽማግሌዎቹ አንዱንም አያውቁትም፤ ግን በአክብሮት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እፎይ አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የልጁ አያት ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ከተማ አይወጡም፣ የከተማ ነገርም አይወዱም። የሠርጉ ቀን ከመቆረጡ በፊት የሙሽራዋ ቤተሰብ ወደ እሳቸው እንዲወርድ ጠየቁ። በድሮ ዘመን የወላይታ ንጉሥ፣ ካዎ የሚባለው፣ አገሩን ከጠላት የሚያጥር ረጅም የድንጋይ ካብ አስክቦ ነበር። እያንዳንዱ ጎሳ የየድርሻውን ክቧል። ንጉሡም መንግሥቱም ካለፉ በኋላ አብዛኛው ካቡን ረስቶታል። የልጁ ቤተሰብ ግን በየዓመቱ ከጊፋታ፣ ማለትም ከወላይታ ዘመን መለወጫ በኋላ፣ ዝናቡ የናደውን ድንጋይ እየመለሱ ድርሻቸውን ያድሳሉ። ወደ ዘራቸው የምትገባ ሴትም በዚያ ካብ ላይ በእጇ አንድ ድንጋይ ታስቀምጣለች። ሽማግሌው የፈለጉት ይኸን ነበር።

አባቴ ደስ አለው። «ይኸውና ሽርሽር!» አለ። «ካብ ነው፣ ውሃም የለው፤ ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ሽቅብ እናያለን።» እናቴ ሳቀች። ያልሳቁት ባሻ ናቸው። «ድንጋይ ምን ይታያል?» አሉ። «ጉልበቴን አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አሉ። አባቴ ያለ እሳቸው እንደማይሆን፣ አባት እሳቸው እንደሆኑ አጥብቆ ስለለመናቸው በመጨረሻ እሺ አሉ።

ጥቅምት ነበር። ገና ጤዛው ሳይረግፍ ከሶዶ ተነሣን። ባሻና እናቴ በቅሎ ላይ ናቸው፣ እኔና አባቴ በእግር። የእንሰቱ አጸድ ሲያልቅ በቆሎው፣ በቆሎው ሲሳሳ የጥጥ ማሳው ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ግራር ነው። ወደ ተበላ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ጭናቸውን እንደያዙ እየቀደሙን ያልፋሉ። ዳሞታ ከኋላችን ደመናውን እንደለበሰ ቀረ፤ ከፊታችን አባያ ከታች ቀይ ሆኖ ተዘረጋ። ልጁ መንገድ አጋማሽ ላይ ጠብቆን የእናቴን በቅሎ ልጓም ያዘ። እኔ እንዳላየሁት ሆኜ ሄድኩ፤ ሁሉም እንዳላዩን ሆኑ። ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን አላስታውስም።

ካቡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ተራራውን ተንተርሶ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ግራሮቹ ይወርዳል፤ ቦታ ቦታ ላይ ፈርሶ ሣር በቅሎበታል፣ ከፊቱም በከፊል የተደፈነ የጉድጓድ መስመር አለው። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ሽማግሌው ሣር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ረጅም ናቸው፣ አንገታቸው ቀጭን ነው። የባሻን እጅ ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ባሻ አርባ ዓመት ሙሉ ወላይታ ኖረው ከ«ና» እና ከ«ሂድ» ያለፈ ወላይታኛ አልያዙም፤ ስለዚህ አባቴ እንደ ልማዱ በመካከላቸው ተቀመጠ።

ምሳ ቀረበ። ሙቹዋ ነበረ፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው፤ ሥጋ ነበረ፣ ዳጣ ከሚባለው የሚያቃጥል ማባያ ጋር። ሽማግሌው «ከዚያች ግራር እስከዚያች ጉብታ የእኛ ነው» አሉ። አባቴ ለባሻና ለእናቴ ተረጎመ። «አባቴ ወጣት ሆኖ ከቦታል፤ ጎኑን ድንጋይ መትቶት እስኪሞት ያነክስ ነበር።» ተረጎመ። ባሻ እየበሉ አልነበረም። ዳጣው ፈጅቷቸው መስሎኝ ውሃ አቀበልኳቸው።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው እኔና ልጁ በሚታይ ቦታ ሆነን የማስቀምጠውን ድንጋይ እንድንመርጥ ፈቀዱልን። በካቡ ሥር ሥር ወረድን። እሱ አንዱን ያነሣና «ይሄስ?» ይለኛል፣ እኔ ቀለለ፣ ከበደ፣ አስቀያሚ ነው እላለሁ። ጊዜው እንዲረዝም ነው። በመጨረሻ አንዲት ለእጄ የምትመች አገኘሁ። ቀና ስል ካቡ እጥፍ ብሎ ጥግ የሠራበት ቦታ ላይ አየሁት።

ጥቁር ድንጋይ ነው። መካከሉ ጎድጉዷል፣ የሌሊቱን ዝናብ ቋጥሯል። በአፉ ላይ ነጭ መስመር ያቋርጠዋል።

ስንት ወንዝ ዳር የፈለግሁትን ነገር ሳገኘው ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወዲያው ነገሩ ገባኝ። ይህ ድንጋይ የአባቴ ከሆነ፣ ይህ ካብ የአባቴ ነው። ካቡ የአባቴ ከሆነ ጎሳው የእኔም ነው። አጠገቤ ድንጋይ ይዞ የሚስቀው ልጅ ባሌ አይሆንም። ከጉብታው በኩል ድምፅ ሰማሁ፤ ሽማግሌው በምርኩዛቸው እያሳዩ፣ አባቴ እየተረጎመ፣ ባሻና እናቴ ከኋላ እየተከተሉ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ተቀመጥኩበት።

ነጠላዬን ዘርግቼ፣ ቀሚሴን ግራና ቀኝ አውርጄ ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ውሃው እስከ ጭኔ ድረስ አራሰኝ። ልጁ «መቀመጫ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀ። ዛሬ እርጅና ላይ ሆኜ ሰው «ምነው እንደዚያ አደረግሽ?» ቢለኝ፣ ያን ቀን ብመለስ ዳግመኛ እቀመጥበታለሁ ነው የምለው።

ሽማግሌው መጥተው እኔ አጠገብ ቆሙ። «ይህ ጥግ የታላቅ ወንድሜ ነው» አሉ። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ተረጎመ። «ልጅ ስንወልድ እዚህ አምጥተን ውሃ እናጠጣዋለን፤ ካቡን እንዲያውቅ ነው።» አባቴ ተረጎመ፣ ግን ድምፁ ቀጥኗል። «ጦሩ የመጣ ቀን ወንድሜ ልጁን ይዞ እዚህ ሥር ተደብቆ ነበር። ወንድሜን ሞቶ አገኘነው፤ ልጁ አልተገኘም።»

አባቴ ይህን አልተረጎመም። እኔን አየኝ። የተቀመጥኩበትን አየ፣ ከቀሚሴ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ፣ ከዚያ ዓይኔን አየ። በዓይኔ ለመንኩት። ሲተረጉም እንጂ ሲለመን አይቼው አላውቅም፤ ግን የምለው እንደገባው አውቃለሁ። ነገሩ በእኔና በእሱ መካከል ብቻ ነበር። ትቶኝ ማለፍ ይችል ነበር።

«ተነሺ፣ ልጄ» አለኝ።

«ደክሞኛል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ተነሺ፣ ልየው።»

ተነሣሁ። አባቴ ተንበረከከ። በሌባ ጣቱ ነጩን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው። እኔ ያስተረፍኩለት ውሃ ትንሽ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በአፉ ጠጣው። ከዚያ ጉልበቱን ሳያነሣ፣ ፊቱን ወደ ባሻ መልሶ የቀረውን ተረጎመ። «ወንድሜን ሞቶ አገኘነው፤ ልጁ አልተገኘም ይላሉ» አለ። ቀጥሎም የራሱን ጥያቄ ጠየቀ። «አባባ፣ ያገኙኝ ወንዝ ዳር ነበር?»

ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ አንዴ አባቴን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«ወንዝ አልነበረም» አሉ። «እዚህ ሥር ነበርክ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ልጅ አልነበረኝም» አሉ ባሻ። «ካቡን ብነግርህ ትመለሳለህ ብዬ ፈራሁ።»

አባቴ ወደ ሽማግሌው ዞረና በወላይታኛ ነገራቸው። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም። «እኚህ ሰው ልጅ አልነበረኝም፣ ካቡን ብነግረው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ ይላሉ» አላቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተኙ። «ወንድሜም ከእሱ ሌላ አልነበረውም በለው» አሉ። አባቴ ወደ ባሻ ዞሮ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ሁሉ፣ «ወንድሜም ከእሱ ሌላ አልነበረውም ይላሉ» አለ።

ከዚያ ሽማግሌው የአባቴን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙትና አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። ሲያለቅሱ ዓይኔን ወደ አባያ መለስኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። በሞተው አያቴ፣ በባሻ፣ በሽማግሌው፣ በድንጋዩ፣ ከሁሉም በላይ በአባቴ ተናደድኩ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው እኔንና ልጁን አዩን፤ በወላይታኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ገባኝ፣ ልጁም ገባው። ያልገባት እናቴ ብቻ ናት። «ምን አሉ?» አለች። አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

«እነዚህ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው ይላሉ» አላት። ያን ቀን ድምፁ የተሰበረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በእጄ የነበረችውን ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወርኳት። ማንም አልተቆጣኝም። ልጁ ወርዶ አነሣት፣ አፈሩን በልብሱ ጠረገና ካቡ ላይ አስቀመጣት። የራሱንም ከጎኗ አስቀመጠ። ከዚያ በቅሎዎቹን ሊያመጣ ሄደ።

ሶዶ ስንደርስ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይለኛል። ያን ተረት እስከዛሬ አልወደውም፤ ለጠራለት ሰው ነው የሚጥመው። አባቴን ለሳምንታት አላናገርኩትም። ሲበቃኝ አንድ ቀን ችሎት ውሎ ሲገባ በር ላይ ጠበቅሁት። «አንዲቷን ቃል ብትውጣት ምን ነበረበት?» አልኩት። «ማን ያውቅብህ ነበር?»

አልተቆጣም። ባርኔጣውን ሰቀለና አጠገቤ ቆመ። «ባሻ የዋጧት አንዲት ቃል ናት» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ያዞረችኝ እሷ ናት። አሁን ደግሞ እኔ ልዋጣትና ያንቺ ልጆች ይዙሩ?»

ይቅር አላልኩትም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አናገርኩት።

አባቴ ባሻን ግን አልተዋቸውም። እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ይሄዳል፣ አባባ ይላቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያሻሻል። እኔም አያቴን መጥላት አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። እሳቸው ወደዚያ ካብ ሁለተኛ አልወረዱም። ሽርሽራችንም ያኔ ቀረ። ስታጉረመርም የኖረችው እናቴ ናት እንግዲህ የናፈቃት። «ዘንድሮ ቢላቴ አንወርድም?» ትለዋለች። «ምን ልናይ?» ይላታል። ከጊፋታ በኋላ ብቻ ከሽማግሌው ልጆች ጋር የወደቀ ድንጋይ ሊያነሣ ይሄዳል፤ ሲመለስ መዳፉ ቆስሎ፣ ፊቱ ወጣት ሆኖ ይመጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ሌላ ሴት አገባ። ከቤተሰብ ነንና ተጠራን፤ አልሄድም ልል ነበር፣ አባቴም አላስገደደኝም፣ ግን ሄድኩ። የተቀመጥኩት በሙሽራው ወገን ከሴቶቹ መካከል ነው። ከሰዓት በኋላ ጭፈራው ከመንገዱ ማዶ ተሰማ፤ ሙሽራዋ ደረሰች። ደጅ ላይ ፊቷን ሸፍነው አቆሟት። አንዲት ባልቴት ለጋ ቅቤ በገበቴ ይዘው ወጡና ዙሪያውን ተመለከቱ። ሙሽራው አቀርቅሯል።

«እህቱ የት አለች?» አሉ። «እህቱ ትምጣ።»

ተነሣሁ።